ሳይመረመር የሚፈረድበት ላፕቶፕ

በከሚሴ ላፕቶፕ አልበራ ሲል የሚከተለውን ንግግር ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። መምህሩ ወይም የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ላፕቶፑን በቦርሳ አንግቶ ወደ ጥገና ሱቅ ይሄዳል። ወጣቱ ባለሙያ ቻርጀሩን ይሰካል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጫናል፣ ጆሮውን ወደ ማራገቢያው ጠጋ ያደርጋል። ከዚያ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ማዘርቦርዱ ሄዷል» ይላል። «ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?» «ኮምቦልቻ ወይ ደሴ ያሳዩት። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካገኙም ይላኩት። ግን ለሱ ከሚያወጡ ሌላ ቢገዙ ይሻላል።» ጉዳዩ ያልቃል። ክዳኑ አልተከፈተም፣ ቻርጀሩ አልተለካም፣ ሌላ ቻርጀርም አልተሞከረም።

ላፕቶፑ በርቶ ዊንዶው ላይ ሲቆም ደግሞ ሁለተኛው ፍርድ ዝግጁ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ።» እነዚህ ሁለት ቃላት በከተማችን፣ በባቲም፣ በሰንበቴም እንደ ባለሙያ ቃል ተቀባይነት አግኝተዋል። ባለቤቱም ያምናቸዋል፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገራቸው እሱ ራሱ ነው፦ «ማዘርቦርዱ ሳይሄድ አይቀርም፣ እስኪ እየው» እያለ ይገባል። እኔ ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው እላለሁ። አልበራ ያለ ላፕቶፕ መመርመር ያለበት እዚሁ ነው፣ ምርመራውም ተራ አለው፣ መላክና ፎርማት ማድረግ የሚመጡት ከምርመራው በኋላ ነው። ይህ ተራ ስለማይጠበቅ ሰዎች ገንዘባቸውን፣ ከገንዘቡም የሚብሰውን የዓመታት ሥራቸውን እያጡ ነው።

ከመብራቱ እንጀምር፣ የነገሩ ሥር እዚያ ስለሆነ። ሕዝቡ «መብራቱ ዝቅ ብሎ ላፕቶፔን አቃጠለው» ይላል። የአብዛኛውን ላፕቶፕ ቻርጀር ገልብጣችሁ ብታነቡ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል ተብሎ ተጽፏል። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው፤ ወደ 160 ቢወርድም ቻርጀሩ ሥራውን ይሠራል። አደጋው የሚመጣው ከላይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ መስመሩ ላይ ለቅጽበት የሚዘል ኃይል አለ። የባሰው ደግሞ በሦስት ፌዝ መስመር ላይ የኒውትራል ሽቦ ሲበጠስ ነው። ያኔ በአንዳንዱ ቤት የሚገባው ኃይል ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል፣ አምፖሎቹ ቦግ ብለው ይቃጠላሉ።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ኃይል መጀመሪያ የሚያገኘው ማንን ነው? ላፕቶፑን አይደለም። በመካከል ቻርጀሩ አለ። ቻርጀሩ የግድግዳውን 220 ወደ 19 ወይም 20 ቮልት የሚያወርድ፣ በውስጡም ፊውዝ ያለው ዕቃ ነው፤ ከመስመሩ ለሚመጣ አደጋ የመጀመሪያው ተጋላጭ እሱ ነው። ስለዚህ መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ላፕቶፕ አልበራ ካለ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ቻርጀሩ ላይ መውደቅ ሲገባው፣ ከቻርጀሩ ኋላ ያለው፣ በጣም ውዱና ለመጠገን በጣም አስቸጋሪው ክፍል በቀጥታ ይወነጀላል። ከቻርጀሩም በፊት ዲቫይደሩ አለ። የላላ ሶኬት፣ ውስጡ የጠቆረ ዲቫይደር፣ በአንድ እግሩ ብቻ የሚነካ መሰኪያ ስንቱን ላፕቶፕ «ሞተ» አስብሏል። ይህን ለማወቅ የስልክ ቻርጀር እዚያው ሶኬት ላይ ሰክቶ ማየት ይበቃል።

ሌላ አንድ ነገር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። በብዙ የዴልና የኤችፒ ቻርጀሮች ጫፍ ውስጥ መሐል ላይ ቀጭን መርፌ አለች። ኃይል የምታስተላልፈው እሷ አይደለችም፤ ለላፕቶፑ «ይህ ቻርጀር የእኔ ነው፣ ይህን ያህል ዋት አለው» ብላ የምታሳውቅ ናት። ስትታጠፍ ወይም ስትሰበር ላፕቶፑ ይበራል፣ ባትሪው ግን አይሞላም። ከቀናት በኋላ ባትሪው ባዶ ይሆንና ቻርጀሩ ትንሽ በተነቀነቀ ቁጥር ማሽኑ ይጠፋል። ባለቤቱ ባትሪ ይገዛል፣ አልሠራም። ከዚያ ማዘርቦርድ ይባላል። ጥፋቱ ግን በቻርጀሩ ጫፍ ላይ በዓይን ይታይ ነበር።

«አልበራም» ተብሎ ወደ ሱቅ የሚመጣው ላፕቶፕ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ የለበትም። አንዱ ምንም መብራት የማያሳይ ነው፤ እዚህ ላይ ጥያቄው የኃይል ነው፦ ሶኬት፣ ቻርጀር፣ የቻርጀር መግቢያ፣ ባትሪ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማዘርቦርድ። ለዚህ ዓይነቱ ምንም ብር የማያስወጣ ሙከራ አለ። ቻርጀሩን መንቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ማውጣት፣ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ በቻርጀር ብቻ ማስነሳት። በውስጥ የቀረ ኃይል ተቆጣጣሪውን ክፍል አንቆ ይዞት ከሆነ ይህ ይለቀዋል። ባትሪያቸው ውስጥ በተደበቀ አንዳንድ የሌኖቮ ሞዴሎች ላይ ለዚሁ ሥራ ከሥር በመርፌ የሚነካ ቀዳዳ ተሠርቶላቸዋል። ሠሪው ቀዳዳውን ያበጀው ይህ ችግር እንደሚደጋገም አውቆ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት መብራቱ የሚበራ፣ ማራገቢያው የሚዞር፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ የሆነ ነው። ይህ ማሽን ብዙ ጊዜ ሕያው ነው። በየቤታችን ለዲሽ ሪሲቨር የምንጠቀምበትን የኤችዲኤምአይ ገመድ ነቅሎ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል ከመጣ ማዘርቦርዱም፣ ራሙም በአብዛኛው ደህና ናቸው፤ የተበላሸው ስክሪኑ ወይም ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ገመድ ነው። ምስል ካልመጣ ተራው የራም ነው። ከሚሴ ቆላ ናት፣ በበጋ ከጨፋ ሜዳ የሚነሳው አቧራ ዝግ ሳጥን ውስጥም ይገባል። ራሙን አውጥቶ፣ ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብሎ ጠርጎ፣ መቀመጫውን በብሩሽ አራግፎ መልሶ መሰካት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለት ራም ካለው አንድ አንዱን ለየብቻ መሞከር ነው። በአዳዲስ ስስ ላፕቶፖች ራሙ ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ይህ አይቻልም፤ እኛ ዘንድ የሚበዙት ያገለገሉ ማሽኖች ግን አብዛኞቹ የሚከፈቱ ናቸው።

ማሽኑ ራሱ ደግሞ ይናገራል፣ የሚያዳምጠው ጠፍቶ እንጂ። በብዙ የዴል ሞዴሎች ላፕቶፑ መነሳት ሲያቅተው የባትሪው መብራት በቢጫና በነጭ እየተፈራረቀ ይጠቅሳል። 2 ጊዜ ቢጫ፣ 3 ጊዜ ነጭ ከሆነ ራም አላገኘሁም ማለቱ ነው። 2 ቢጫና 7 ነጭ የስክሪን ችግር ነው። 3 ቢጫና 1 ነጭ ሰዓቱን የምትይዘው ትንሿ ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ኤችፒም በካፕስ ሎክ መብራት ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ይህን ሁሉ መሐንዲሶች አስበው ያበጁት ጠጋኙ ከግምት እንዲድን ነው። ስንት ጊዜ ጠቀሰ ብሎ ሳይቆጥር «ማዘርቦርድ» የሚል ሰው የተሰጠውን መልስ ሳያነብ ፍርድ እየሰጠ ነው።

ወደ ፎርማት ልምጣ። ስለዚህ ጉዳይ ቁጣዬን አልደብቅም።

አንድ መምህር ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? የዓመታት የትምህርት ዕቅድ፣ በአፋን ኦሮሞ ራሱ ያዘጋጀው ማስታወሻ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የልጆቹ ፎቶ፣ ጀምሮ ያልጨረሰው የማስተርስ ጽሑፍ። የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት በተቋረጠበት ክልል ውስጥ የሚኖር ሰው ፋይሉን «ደመና ላይ አስቀምጥ ነበር» ተብሎ ሊወቀስ አይችልም። ያለው ያቺ ዲስክ ውስጥ ነው። ዊንዶው አልነሳም ማለት ደግሞ ዲስኩ ውስጥ ያለው ጠፍቷል ማለት አይደለም። ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማቀፊያ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ይቻላል። ኡቡንቱ የተባለው ነፃ ሥርዓተ ክወና በተጫነበት ፍላሽ አስነስቶ ፋይሉን መገልበጥ ይቻላል። ይህ ሳይደረግ የሚደረግ ፎርማት ጥገና ሊባል አይገባም፤ የሰው ንብረት ማጥፋት ነው።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 በዓለም ዙሪያ የሆነውን አስታውሱ። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ያሰራጨው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶው ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ተከለ። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አራዘሙ። እነዚያ ማሽኖች እኛ ዘንድ ቢመጡ ኖሮ ሁሉም ፎርማት ይደረጉ ነበር። መፍትሔው ግን ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነስቶ አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር። አንድ ፋይል። መላው ዓለም ያንን ቀን ያለፈው ምክንያቱን ፈልጎ በማግኘት ነው። ዲስካቸው በቢትሎከር የተቆለፈባቸው ደግሞ የመክፈቻ ቁጥራቸውን ፈልገው ማምጣት ነበረባቸው። ይህ ለእኛም ትምህርት አለው፦ አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉና፣ ማሽኑ ደህና ሳለ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጦ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

«አዲስ ቢገዙ ይሻላል» የሚለውን ምክር እንኳን ዛሬ፣ ዱሮም መቀበል ከባድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። የመምህር ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልተራመደም። ለብዙ ቤተሰብ የተበላሸውን መጠገን ብቸኛው አማራጭ ሆኗል። ያውም የምንጠቀምባቸው ማሽኖች አንዳንዶቹ ሠሪያቸው ከገበያ የወጣ ነው፤ በአገራችን ተወዳጅ የነበረው ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ2020 ከላፕቶፕ ሥራ ጨርሶ ወጥቷል። ለቶሺባ ላፕቶፕ ተስፋው የአካባቢው ጠጋኝ እጅ ነው። የዓለም አዝማሚያም ወደዚያው ነው፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ላፕቶፕ ሻጮች ዕቃው ለጥገና ምን ያህል እንደሚመች ከ10 የተሰጠውን ነጥብ እንዲለጥፉ አስገድዳለች። ሀብታሙ አገር ጠግኖ መጠቀምን በሕግ ሲደግፍ እኛ ጥለን እንግዛ የምንለው በምን አቅማችን ነው?

«ይላክ» የሚለውም እንዲሁ። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ዋና መንገድ ላይ መሆኗ በደህና ጊዜ በጎ ነው፣ በክፉ ጊዜ ደግሞ መከራዋ ነው። በ2013 በአጣዬ አካባቢ ግጭት ሲነሳ ይህ መንገድ ተዘግቶ ነበር። በ2014 መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ከሚሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ደሴም ደርሷል። ያኔ ወደ ሰሜን የሚላክበት ከተማ አልነበረም፣ ወደ ደቡብም የሚያልፍ መኪና አልነበረም። ሰላም በሆነበት ጊዜ እንኳ ዕቃው ከሰው ወደ ሰው እየተቀባበለ ይሄዳል፣ ባለቤቱ የማያውቀው ባለሙያ ይከፍተዋል፣ ሳምንታት ቆይቶ «አይሠራም» ተብሎ ሲመለስ ውስጡ የነበረው ራም መኖሩን የሚያረጋግጥ የለም። ከደዌ ሐረዋ ወይም ከጅሌ ጥሙጋ ለሚመጣ ሰው ከሚሴ መድረስ ራሱ ጉዞ ነው። ያ ሰው እዚህ ደርሶ በአምስት ደቂቃ ፍርድ መመለስ አይገባውም።

ተቃዋሚዎቼ የሚሉትን አውቃለሁ፣ ግማሹም እውነት ነው። የማዘርቦርድ ጥገና ማይክሮስኮፕ፣ የሙቅ አየር መበየጃ፣ የቦርድ ንድፍ ንባብ ይጠይቃል፤ ይህ መሣሪያና ችሎታ ከዞናችን ይልቅ በትልልቅ ከተሞች ይገኛል። በእርግጥ የሚሄድ ማዘርቦርድም አለ። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ላፕቶፕ ልምድ የሌለው ሰው ሊነካው አይገባም፣ እሳት ነው። ሻይ ወይም ውኃ የፈሰሰበትን «እስኪ ይሞከር» ብሎ ማብራት ሊድን የሚችለውን ማቃጠል ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን ማዘርቦርዱ መሄዱ የሚታወቀው ሌላው ሁሉ ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው መልቲሜትር፣ ትንንሽ ብሎን መፍቻ፣ አንድ የተረጋገጠ ቻርጀር፣ አንድ ትርፍ ራምና ትዕግሥት ነው። እነዚህ ከትዕግሥቱ በቀር ከሚሴ ውስጥ አሉ።

ታዲያ ትዕግሥቱ ለምን ጠፋ? እዚህ ላይ ጥፋቱን ወጣቱ ባለሙያ ላይ ብቻ መጣል ግፍ ነው። በእኛ ልማድ ባለሙያ የሚከፈለው ከሠራ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ተቀምጦ ቻርጀር ለክቶ፣ ራም ቀያይሮ፣ ዲስክ ፈትሾ «ችግሩ የቻርጀርዎ ገመድ ነው፣ ሌላ ይግዙ» ቢል ባለቤቱ አመስግኖ ይወጣል፣ አንድ ብር አይሰጠውም። ፎርማት አድርጎ ዊንዶው ቢጭን ግን ይከፈለዋል። «ማዘርቦርድ ነው» ብሎ ቢሸኝ ደግሞ ቢያንስ ጊዜውን ያተርፋል። እውነተኛውን ሥራ የሚሠራው ባዶ እጁን እንዲወጣ፣ አቋራጩን የሚሄደው እንዲከፈለው ያደረግነው እኛው ደንበኞቹ ነን። ክሊኒክ ስንሄድ ለካርድ እንከፍላለን፣ ለላብራቶሪ እንከፍላለን፤ ውጤቱ «ምንም የለብህም» ቢሆን እንኳ ገንዘቤን መልስ የሚል የለም። ለምርመራ መክፈልን እናውቃለን፣ ለጠጋኙ ብቻ ነፍገነዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ለውጥ ከባለቤቱ ይጀምራል። የጥገና ሱቆቹ የምርመራ ዋጋ ይለጥፉ፣ ደንበኛውም ይክፈል፤ በምላሹ በወረቀት ላይ የተጻፈ ውጤት ይቀበል፦ ቻርጀሩ ስንት ቮልት ሰጠ፣ በውጭ ስክሪን ምን ታየ፣ ራሙ ተሞከረ ወይስ አልተሞከረም፣ ዲስኩ ይነበባል ወይስ አይነበብም። ያ ወረቀት ኖሮ ላፕቶፑ ኮምቦልቻ ቢላክ እንኳ የሚቀበለው ባለሙያ ከዜሮ አይጀምርም፣ ባለቤቱም አይታለልም። ወረቀቱ ላይ የሚጽፍ ጠጋኝ ደግሞ ሳይለካ ሊጽፍ አይችልም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ አያመልጡም። በንብረት ማውጫ ቅጽ በሞዴል 22 ወጥቶ ለሠራተኛ የተሰጠ ላፕቶፕ አንድ ቀን አልበራ ሲል ወደ ንብረት ክፍል ይመለሳል፣ «ብልሽት» ተብሎ ይመዘገባል፣ ስቶር ጥግ ይከመራል። የአንዱ ራም ለሌላው፣ የአንዱ ስክሪን ለጎረቤቱ ሊሆን ሲችል ሁሉም አንድ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አምርታለች፣ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። ወደዚያ ክምር የእኛም ስቶሮች የየድርሻቸውን እየጨመሩ ነው፤ የጨመሩት ግን ቆሻሻ ያልሆነውን ነው።

ሐምሌ 2016 አገራችን ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጀምራለች። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኦንላይን ተሰጥቷል። ሁለቱንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ኮድ የሚጻፈውም ፈተናው የሚፈተነውም በሚነሳ ኮምፒውተር ላይ ነው። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሃርድዌርና ኔትወርክ ሥልጠና ለዓመታት ሲሰጥ ኖሯል፤ ሠልጣኙ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያጠናው ለምዘና ነው፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሞጁል። በስቶር የተከመሩት ማሽኖች ወደ ኮሌጆች ቢወጡ፣ ሠልጣኞች በእውነተኛ ብልሽት ላይ እጃቸውን ቢያፍታቱ፣ የምርመራው ተራም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየሱቁ ግድግዳ ቢለጠፍ የሚያስፈልገው በጀት የአንድ አዲስ ላፕቶፕ ዋጋ አይሞላም። ይህን ማዘዝ የሚችሉ ኃላፊዎች በዞናችን አሉ፤ ከእነሱ የምጠብቀው ስቶሩን እንዲከፍቱ ነው።

ከእናንተ ከአንባቢዎቼ ደግሞ የምለምነው ይህን ነው። ላፕቶፓችሁ ነገ ጠዋት አልበራ ቢል መጀመሪያ ሶኬቱን ለውጡ፣ የጎረቤት ቻርጀር ቮልቱንና ጫፉን አመሳክራችሁ ሞክሩ፣ ቁልፉን 30 ሰከንድ ያዙ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኙ። ባትሪው አብጦ ወይም ፈሳሽ ገብቶበት ከሆነ ግን ሳትነኩ ውሰዱት። ሱቅ ስትደርሱ ከምንም በፊት «ፋይሌን አውጣልኝ» በሉ። ካልተለካና በወረቀት ካልተጻፈ «ማዘርቦርድ ነው» የሚለውን አትቀበሉ። ጠጋኙ በሥርዓት መርምሮ ምንም የሚጠገን ባያገኝም የምርመራውን ክፈሉት።